ቡናን ለኢልም ያዋሉት የዓደኑ ሙፍቲ
የሸይኽ ጀማሉዲን አዝ-ዘብሓኒ (ረሒመሁላህ) ሕይወት

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



የፋይናል ሳምንት ሲደርስ ግቢያችን ሌላ ግቢ ይሆናል። ላይብረሪው ሌሊት ቦታ ይጠፋበታል፤ የዶርሙ መብራት ሳይጠፋ ያድራል። ከግቢው በር ውጭ ያለው ጀበናም ከእሳት አይወርድም። ሚዛንም ሆነ ቴፒ ያለን ተማሪዎች ይህን እኩል እናውቀዋለን። አንዱ አምስተኛ ስኒውን ይጠጣል። ሌላው በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጫት ይዞ ወደ ዶርም ይገባል። ሊነጋ ሲል ደግሞ የሱብሒ ሰፍ ይሳሳል። ሌሊቱን ለኢልም ብሎ የነቃው ወንድማችን አዛኑን ሳይሰማ ተኝቷል። ከእንቅልፉ ሲነሳም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ያነበበውም ጠፍቶበታል።

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ዓሊም ከአምስት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት ወደ አኺራ የሄዱ ናቸው። እሳቸውና ደረሶቻቸውም ሌሊት መንቃት ይፈልጉ ነበር። ጫትም ቡናም ያውቁ ነበር። ከሁለቱ መካከል የትኛውን፣ ለምን እንደመረጡ ታሪካቸው ይነግረናል።

የፈትዋ ሰው

ሙሉ ስማቸው ጀማሉዲን አቡ ዐብዲላህ ሙሐመድ ኢብኑ ሰዒድ ሲሆን፣ አዝ-ዘብሓኒ የተባሉት ዘብሓን ከምትባል የየመን ስፍራ ነው። የኖሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) በዓደን ከተማ ነበር። ዓደን ያኔ ከሕንድ፣ ከግብፅና ከእኛ ዳርቻ የሚነሱ መርከቦች የሚገናኙባት ትልቅ ወደብ ነበረች። ከ1454 ጀምሮ ጣሂሪዮች የሚባሉ የየመን ሡልጣኖች ገዝተዋታል።

ንግድ ባለበት ክርክር አይጠፋም፤ ክርክር ባለበትም ፈትዋ ይፈለጋል። የሸይኹ ሥራ እዚህ ላይ ነበር። ሌሎች ዑለማዎች የሰጡት ፈትዋ ወደሳቸው ይመጣል፤ እሳቸው መርምረው ትክክል ከሆነ ያጸድቁታል፣ መታረም ያለበትም ካለ በእጃቸው ጽሑፍ ግርጌው ላይ ያሰፍሩታል። ሌላው የሳተውን የሚያርም ሰው ቸኩሎ አይፈርድም። አንድን ነገር ሐራም ወይም ሐላል ከማለቱ በፊት ምንነቱን ይጠይቃል። ይህን ባሕርያቸውን አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የሕይወት ታሪካቸውን በጽሑፍ ካቆዩልን መካከል ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ ዋነኛው ነው። አል-ጀዚሪ የግብፅ ዓሊም ሲሆን፣ ሸይኹ ከሞቱ ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1558 አካባቢ፣ ስለ ቡና ሐላልነት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መረጃውን የወሰደው ከሱ በፊት ከነበረው ከኢብኑ ዐብዲልገፋር ነው። ሁላችንም የምናውቀው የእረኛውና የፍየሎቹ ታሪክ በጽሑፍ የታየው ሮም ውስጥ በ1671 ነው። የሸይኹ ታሪክ ከዚያ በመቶ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።

ባሕሩን ተሻግረው

ከዕለታት አንድ ቀን ሸይኹ ዓደንን ለቀው እንዲሄዱ የሚያስገድድ ጉዳይ ገጠማቸው። የሄዱት ዐረቦች በር አል-ዐጀም ወደሚሉት ምድር ነበር። በር አል-ዐጀም ከዓደን ባሻገር ያለው፣ የዘይላዕና የበርበራ ወገን የሆነው የእኛ ዳርቻ ነው። ወቅቱ የአዳል ሡልጣኔት በምሥራቁ የበረታበት፣ በደጋው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡበት ዘመን ነው።

ሸይኹ በዚያ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ። የአገሩ ሰዎች ቀህዋ የሚጠጡ መሆናቸውንም አዩ። ጥቅሙንና ጠባዩን ግን አያውቁም ነበር። አይተው ማለፋቸውን እንጂ ስለ መጠጡ ያሉት ነገር አልተጻፈም።

ለእኛ የደቡብ ምዕራብ ልጆች ይህ ቦታ ቆም ብለን የምናስበው ነው። ከቦንጋ እስከ ሚዛን፣ ከማሻ እስከ ቴፒ በዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ የምናየው ቡና የዓለም የዓረቢካ ቡና ሁሉ አያት ነው። በበቃ እርሻ ላይ የተተከለውም፣ የመንና ብራዚል የደረሰውም ዘሩ ከነዚህ ደኖች ይመዘዛል። የቤንች እናቶች ቅጠሉን በቅመም አፍልተው ጨሞ ያደርጉታል። የሐረር ሰዎች ገለፈቱን ያፈላሉ። እኛ ፍሬውን ቆልተን እንወቅጣለን። ሸይኹ ያዩት የትኛውንም ይሁን፣ ባሕር የተሻገረው እውቀት የዚህ ምድር ሰዎች እውቀት ነበር።

ሕመም ያስታወሳቸው ነገር

ወደ ዓደን ከተመለሱ በኋላ ሸይኹ ታመሙ። በሕመማቸው መካከል ባሕር ማዶ ያዩት መጠጥ ትዝ አላቸው። አስመጥተው ጠጡ፤ ተሻላቸውም። ልብ ብለው ካስተዋሏቸው ነገሮች መካከል ድካምንና መፍዘዝን ማራቁ፣ ሰውነትን ቀለል ማድረጉና ንቃት መስጠቱ ይገኙበታል።

ከዚህ በኋላ ሸይኹ የሱፊያን መንገድ ያዙ። በዓደን ከነበሩ ሱፊያዎች ጋርም ለሌሊት ዚክርና ኢባዳ ይረዳቸው ዘንድ ቡና መጠጣት ጀመሩ። ነገሩ ከነሱ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ተዛመተ። ዓሊሙ ለንባቡ፣ ነጋዴው ለንግዱ፣ ባለእጁ ለሥራው ጠጣው። በሌላ ዘገባ ቡናን ወደ የመን ያስገቡት የሙኻው ሸይኽ ዐሊ ኢብኑ ዑመር አሽ-ሻዚሊ ናቸው ይባላል። አል-ጀዚሪም ሁለቱንም ወገን ያውቃል፤ የዓደኑን ታሪክ ግን ከነዝርዝሩ አስፍሮታል።

ጫት የጠፋ ጊዜ

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ዘገባ አለ፤ ለእኛ ግቢ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በየመን ቀህዋ የሚለው ስም በመጀመሪያ የቡና ብቻ አልነበረም። ከፍታ ከሚባል ቅጠል የሚፈላም ቀህዋ ነበር። ከፍታ ዛሬ ጫት የምንለው ነው። ሌሊት መንቃት የሚሹ ሰዎች ይጠጡት ነበር።

በሸይኹ ዘመን በዓደን ከፍታ ጠፋ። ደረሶቻቸው ተቸገሩ። ሸይኹም የቡና ፍሬ እንቅልፍን እንደሚያባርር ነገሯቸውና ቀህዋውን ከሱ አፍልተው እንዲሞክሩት መከሯቸው። ሞከሩት። ያንኑ ሥራ ሲሠራ አዩት፤ ወጪውም ድካሙም ትንሽ ሆኖ አገኙት። እነሆ ጫት ሲጠፋ ቡና ቦታውን ያዘ።

አንድ ነገር እንጨምር። ዑለማዎች በጫት ጉዳይ ላይ ከጥንትም ተከራክረዋል፤ በአገራችንም ጫት ይዘው ዱዓ የሚያደርጉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይሰጥም። የምናየው አንድ ዓሊም ለደረሶቹ የቀለለውንና የማይከብደውን እንደመረጠላቸው ነው።

ሸይኹ በ875 ሂጅሪያ፣ በ1470 ወይም በ1471 (እ.ኤ.አ.) አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።

ከእሳቸው በኋላ

ከሞታቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የየመን ተማሪዎች ቡናውን ይዘው ካይሮ ደረሱ። በአል-አዝሀር መስጂድ የየመኖች ክፍል ውስጥ ሰኞና ጁሙዓ ሌሊት ይሰበሰቡ ነበር። ቡናው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀርባል፤ ሸይኻቸው በትንሽ ጭልፋ እየቀዱ ከቀኝ ጀምረው ያድሉታል፤ እነሱም ዚክር ያደርጋሉ። ልብ በሉ፤ የሚጠጣው በታወቀ ሌሊት፣ በታወቀ መጠን፣ በአንድ እጅ እየተቀዳ ነው። ዓላማውም ከመጠጡ ይቀድማል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቆየም። በ1511 የመካ ሹም የነበረው ኻኢር በይ አንድ ሌሊት ከመስጂዱ አጠገብ ቡና ለመጠጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን አየ። ዑለማዎችን ሰበሰበ፤ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞችም ቀርበው ቡና ለሰውነት ጎጂ ነው ብለው መሰከሩ። ቡና ተከለከለ፣ የተገኘውም በየመንገዱ ተቃጠለ። ቀህዋ የሚለው ቃል በጥንቱ ዐረብኛ የወይን ጠጅ ስም መሆኑም ጥርጣሬውን አባብሶት ነበር። ካይሮ ያለው ሡልጣን ግን ነገሩን አላጠበቀውም፤ የከለከለው ሥርዓት የለሹን ስብስብ እንጂ መጠጡን አልነበረም። በዓመቱም ኻኢር በይ ከሹመቱ ተነሳ።

አንዱ ወገን ቡናን አቃጠለ። ሌላው ወገን ሌሊቱን በቡና ስም በጨዋታ አሳለፈ። የዓደኑ ሙፍቲ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። እሳቸው መጀመሪያ አዩ፣ በራሳቸው ላይ ሞከሩ፣ ውጤቱን መዘኑ፣ ከዚያ ለጥሩ ሥራ አዋሉት። ፈትዋ ሲያርሙ የነበረው ትዕግሥት ልማድን ሲመርጡም አልተለያቸውም።

ቡና በሰውነታችን ላይ የሚሠራው

ዛሬ ሸይኹ በስሜት ያወቁትን ሐኪሞች በምክንያት ያስረዱናል። በአንጎላችን ውስጥ ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ እንቅልፍ እንዲመጣብን የሚያደርገው እሱ ነው። የቡና ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝበታል። ስለዚህ ድካሙ አይሰማንም። ድካሙ ግን አልሄደም። ካፌይኑ ሲለቅ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ቡና ጉልበት አይጨምርም፤ ድካምን ያዘገያል።

ሌላው ቁም ነገር ጊዜው ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከገባው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ከእኛ ጋር ነው። ቢያስተኛንም እንቅልፉ የሳሳ ይሆናል። ቀን ያነበብነው ትምህርት ደግሞ አንጎላችን ውስጥ የሚጸናው በጥልቁ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ለፈተና ብሎ ሌሊቱን ሙሉ የነቃ ተማሪ እህሉን አጭዶ ጎተራ ሳያስገባ ሜዳ ላይ እንደተወ ገበሬ ነው።

ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ጉዳት እንደማያመጣ ይታመናል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ከ200 እንዳያልፍ ይመከራል። የጀበና ቡና እንደ አፈላሉ ስለሚለያይ ስኒ ቆጥሮ ይህን መለካት ያስቸግራል። ከመጠን ማለፉን የሚነግረን ራሱ ሰውነታችን ነው። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ ያለምክንያት መጨነቅና መበሳጨት ምልክቶቹ ናቸው። በተፈጥሮው የሚጨነቅ ሰው ላይ ቡናው ጭንቀቱን ያብሰዋል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ደግሞ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያደርጋል። በተለይ ደም ማነስ ያለባቸው እህቶች ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርቁት ይሻላል።

ረመዷን ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስቸግረን ራስ ምታት ብዙውን ጊዜ የጾሙ አይደለም። የቡና ሱሱ ነው። የለመደ ሰው ቡና ባቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምረዋል፤ ለጥቂት ቀናትም ይቆያል። ሻዕባን ላይ በየቀኑ አንድ አንድ ስኒ እየቀነሰ የመጣ ሰው ረመዷንን በቀላል ራስ ይቀበላል።

ጫት የሚያስከፍለው

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከቡናው ካፌይን የጠነከረ ነው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባሉት አነቃቂ መድኃኒቶች ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ሁሉም ትኩሱን ይፈልጋል። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርት ይመጣል። ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ይህ ድብርት ነው። አንዱ ድብርቱን ለማምለጥ ነገም ይቅማል። ሌላው እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይላል፤ ለጥናት የተጀመረው ነገር ሐራም ላይ ያደርሰዋል። ለአእምሮ ሕመም ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ ከባድ ሕመም እስከ ማስነሳት ሊደርስ ይችላል።

እኔም ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ሴሚስተር በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ሌሊት ላይ ሁሉም ነገር የገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ጠዋት ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ ግን የገባኝ መምሰሉ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከውጤቱ ይልቅ የቆጨኝ ሳላውቀው ከጀመዓ የራቅኩባቸው የሱብሒ ሶላቶች ናቸው። ያወጣኝ ምክር አልነበረም። አንድ የዶርም ወንድሜ ሳይወቅሰኝ በየቀኑ ለሱብሒ ይቀሰቅሰኝ ነበር። የጠዋቱ መነሳት ሲለመድ የማታው እንቅልፍ ራሱ መጣ።

ከሸይኹ የምንወስደው

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል። ከዒሻእ በኋላ ጨዋታ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበርም ተዘግቧል። ይህን ከሸይኹ ታሪክ ጋር ስናያይዘው ለግቢ ሕይወታችን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች እናገኛለን።

ቡናን ከዐስር በፊት እናድርገው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚጠጣው የመጨረሻው ይሁን፤ ማታ የጓደኛ ጀበና ቢጠራን ለጨዋታው እንቀመጥ፣ ስኒውን ግን እንለፍ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል በረካው ያለው አብሮ በመቀመጡ ነው።

ከባዱን ንባብ ከሱብሒ በኋላ እናድርገው። በጊዜ የተኛ አንጎል በዚያ ሰዓት በአንድ ሰዓት የሚያነበውን የደከመ አንጎል ሌሊት በሦስት ሰዓት አይጨርሰውም። ቀን ላይ ከዙህር በፊት ወይም በኋላ የሃያ ደቂቃ ቀይሉላ ከአንድ ስኒ ቡና ይበልጣል፤ ሱናም ነው።

ጫት የያዘውን ወንድማችንን አናሸማቅቀው። ኻኢር በይ ጆንያ ቢያቃጥል የማንንም ልማድ አልቀየረም። ሸይኽ ጀማሉዲን ግን ለተቸገሩት ደረሶቻቸው የተሻለ ነገር በእጃቸው አስያዟቸው። እኛም እንዲሁ እናድርግ፤ የጥናት ቡድናችን ውስጥ እናስገባው፣ ለሶላት እንቀስቅሰው፣ ከምግብ ቤት አብረነው እንሂድ። ድብርቱ ከበረታ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰማ ወደ ክሊኒክ እንውሰደው። ሐኪም ዘንድ መሄድ የኢማን ማነስ አይደለም፤ ሸይኹም ሲታመሙ መድኃኒት ፈልገዋል።

የዓደኑ ሙፍቲ ቡናን ለሌሊት ኢባዳና ለኢልም አገልጋይ አደረጉት። አገልጋዩ ጌታ ሆኖ ሱብሒን ከወሰደብን፣ እንቅልፋችንንና ሰላማችንን ከነጠቀን፣ ስኒውን የምናስቀምጥበት ሰዓት ደርሷል ማለት ነው። የፈተናችን ወረቀትም ሆነ ጤናችን አላህ ዘንድ የምንጠየቅባቸው አማናዎች ናቸው።

አላህ ለሸይኽ ጀማሉዲን ይዘንላቸው፤ ለእኛም ጤነኛ አካልና የሰከነ አእምሮ ይስጠን፤ የምንማረውንም ጠቃሚ ኢልም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።